ባዶ ቦታና ዜሮ



በዚህ እትም ስለ ቁጠባ ታሪክ እንድንጽፍ ተጠይቀን ነበር። የጻፍነው ግን የዝናብ ታሪክ ሆነ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ብንነግራችሁ ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ስብሰባችን ላይ ሦስት አባሎቻችን የብድር መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምላቸው ጠየቁ። ሦስቱም ከከተማው ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ጎጥ የሚኖሩ ናቸው። «ጤፋችንን በረዶ መታው» አሉ። ደብተር ይዘን ከፊት የተቀመጥነው እርስ በርስ ተያየን። በዚያ ሳምንት አዲ አርቃይ ከተማ ላይ ዝናብ እንጂ በረዶ አልወረደም። መቼ እንደወረደ ስንጠይቅ አንዷ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛዋ ረቡዕ ማታ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ «የኪዳነ ምሕረት ማግስት» አለች። ቃላቸው አልገጠመም ብለን ጥያቄውን ሳንቀበል ቀረን። በደንባችን መሠረት የመዘግየት ቅጣትም ጻፍንባቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሚቴው ሁለት ሰው ልኮ ማሳውን አሳየ። ጤፉ መሬት ላይ ተኝቷል፤ የማሽላው ቅጠል እንደ ክር ተተልትሏል። ጎረቤቶች ሲጠየቁ በረዶው የወረደው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዴ ማክሰኞ፣ አንዴ ረቡዕ። ረቡዕ ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ማግስት ነበር። ሦስቱም የተናገሩት እውነት ነው። ቅጣቱን መለስንላቸው። አንዷ ግን ቅጣቱን ለመክፈል ፍየል ሸጣ ነበር፤ ፍየሏን መመለስ አልቻልንም።

ሌላም ነገር ነበረ። በጎጡ ውስጥ ከሦስቱ በአንደኛዋ ላይ ወሬ ተነስቶባት ኖሯል። በበዓል ቀን ልብስ አጥባ በረዶ ያስመታችን እሷ ናት ተብሏል። በስብሰባው ላይ ድምጿ የሰለለው ለዚህ ነበር፤ እኛ ግን የሐሰት ምልክት አድርገን ቆጠርነው። በእኛ አገር በበዓል ማረስ፣ መፍጨትና ማጠብ በረዶ ያመጣል የሚለው እምነት ከአያቶቻችን የመጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሃይማኖት ለመፈተን አልተነሳንም። ነገር ግን በረዶው የወረደበት ቀንና ቦታ በጽሑፍ ባለመኖሩ አንዲት ሴት በሁለት ወገን ተከሰሰች፤ ጎረቤቶቿ በረዶውን አመጣሽ አሏት፣ እኛ ደግሞ በረዶ አልወረደም አልናት።

ያለ ደረሰኝ ወጪ አንመዘግብም ብለን ስንት ሰው መልሰናል። ለሰማይ ደረሰኝ የሚቆርጠው ማን ነው? ከዚያ በኋላ ጥያቄያችን ይህ ሆነ። በዚህ አገር ዝናቡን፣ በረዶውንና መብረቁን የጻፈ ሰው ነበረ ወይ? ለሥራ ጎንደር በሄድን ቁጥር ጠየቅን፤ ያገኘነውን አነበብን። መልሱ አስገርሞናል።

ሰማይን መመልከት በእኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ይገባል፤ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ክረምቱ ራሱ በክፍል በክፍል ተከፍሏል። መጀመሪያው የዘርና የደመና ጊዜ ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው ደግሞ የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ይባላል፤ አፍላግ ማለት ወንዞች ናቸው። ይህን የከፈሉት ሊቃውንት ሰማዩን ለብዙ ዓመት ሳያጠኑ እንዲህ አልከፈሉትም። ጎርፍና መብረቅ የሚበረታበትን ሦስት ሳምንት ነጥለው ስም ሰጥተውታል። ሆኖም ይህ አቆጣጠር በየዓመቱ ምን እንደሚጠበቅ እንጂ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ጎጥ ምን እንደደረሰ አይናገርም። በእኛ ሙያ ቋንቋ በጀት ነው፤ የተሠራ ሂሳብ አይደለም።

የተሠራውን ሂሳብ ለብዙ መቶ ዓመታት የያዘው ሌላ አገር ነው። ከስሜን ተራራ የሚወርደው ውሃ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜ ሱዳን ገብቶ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ይገናኛል፤ ዓባይም ግብፅ ይወርዳል። ካይሮ ውስጥ በሮዳ ደሴት ላይ የወንዙን ከፍታ የሚለካ ምልክት የተቀረጸበት የድንጋይ ምሰሶ አለ፤ ቤቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ861 ነው። ውሃው የደረሰበት ምልክት እየታየ የዓመቱ የእርሻ ግብር ይወሰን ነበር። የእኛ ክረምት ጥጋብ ይሁን ችጋር፣ ካይሮ ያሉ ግብር ሰብሳቢዎች በክንድና በጣት ለክተው ይጽፉት ነበር ማለት ነው። የሙያ ባልደረቦቻችን ስለሆኑ አንወቅሳቸውም። የሚቆጨው ዝናቡ የወረደበት አገር ደብተር አለመያዙ ነው።

እዚሁ ጎንደር ላይ ዝናብ በመለኪያ የለካው ሰው ደግሞ እንግዳ ነበር። ስሙ ጄምስ ብሩስ ይባላል፤ የስኮትላንድ ሰው ነው። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከምጽዋ ተነስቶ፣ በአድዋና በአክሱም በኩል አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1770 ጎንደር ገባ። መንገዱን ልብ በሉት፤ ከተከዜ እስከ ሊማሊሞ ያለው የእኛው አገር ነው። ጎንደር ከደረሰ በኋላ አፉ አንድ የእንግሊዝ ጫማ፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ማንቆርቆሪያ አስቀምጦ የሚወርደውን ዝናብ በኢንች ማስመዝገብ ጀመረ። በ1770 የዝናብ ወራት ጎንደር ላይ የመዘገበው 35 ኢንች ተኩል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቁስቋም ላይ ከ41 ኢንች በላይ አገኘ።

ቁስቋም ማለት የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ነው። ብሩስ እዚያ ተቀምጦ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች ይረዳ ነበር፤ እቴጌይቱም በክብር ያዙት። ስለዚህ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ቁጥሮች አንዱ የተመዘገበው በአንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ነው። ይህን ስናነብ ደስ ብሎናል፤ አንደብቅም።

ቁጥሮቹን ወደምናውቀው መለኪያ እንመልሳቸው። 35 ኢንች ተኩል 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የቁስቋሙ ደግሞ 1050 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ፈሰሰ ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በአንድ ክረምት ዘጠኝ መቶ ሊትር፣ በሌላው ሺህ ሃምሳ ሊትር ወረደ። መጀመሪያ ይህን ያየች አንዲት ባልደረባችን «የ1771 ክረምት ከ1770 ይበልጥ ነበር» ብላ ጻፈች። ሌላዋ ሰረዘችው። መለኪያው ከጎንደር ከተማ ወደ ቁስቋም ተዛውሯልና ልዩነቱ የዓመቱ ነው ወይስ የቦታው ብሎ መለየት አይቻልም። ማክሰኞ ዕለት ከተማው ላይ ያልወረደው በረዶ ጎጡ ላይ የወረደው እንደዚሁ ነው።

በብሩስ ሥራ ላይ አንድ ቅሬታ አለን። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር። ሥዕል ከመሣሉ ሌላ የየዕለቱን ጉዞ በማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ በ1771 ሞተ። ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ሠዓሊው የሞተበትን ጊዜ ወደ ኋላ ጎትቶ ግሽ ዓባይን ብቻውን ያየ አስመሰለ፤ የባሉጋኒ ማስታወሻ ደብተር ግን ግሽ ድረስ አብሮት እንደነበር ይመሰክራል። የአንድ ሰው ድካም ከሰነድ ሲወጣ ምን እንደሚመስል የማኅበራችን ሴቶች በቤታቸውም በማሳቸውም ያውቁታል። በእኛ የዝናብ ደብተር ላይ «የጻፈችው ስም» የሚል ዓምድ የጨመርነው ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ ነው።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ። መለኪያውም አብሮት ሄደ። ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ መጣ፤ ከወንድሙ ጋር ጎንደርንም ሌላውንም አገር ለአሥር ዓመት ያህል ዞረ። ተራሮችን ለካ፣ ሙቀትና የአየር ግፊት መዘገበ፤ ስለ ኢትዮጵያ ነጎድጓድ ብቻ የሚናገር ጽሑፍም ፓሪስ ላይ አሳተመ። ነጎድጓድ ቆጥሮ መጻፍ ለአንዳንዱ የሥራ ፈት ሥራ ይመስለዋል። ከመብረቅ የተረፈ ቤተሰብ ያለው ሰው ግን አይስቅበትም። የዳባዲም ደብተር ከዳባዲ ጋር ሄደ።

እንዲህ እያልን ብዙ እንግዶች መቁጠር እንችላለን፤ መጨረሻቸው አንድ ስለሆነ እንለፋቸው። እንግዳው ሲመጣ ደብተሩ ይከፈታል፤ እንግዳው ሲሄድ ይዘጋል።

በአገራችን መንግሥት የአየር ጠባይ ምልከታን በቋሚነት የያዘው በ1940ዎቹ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነው። መጀመሪያ የተለካው ለአውሮፕላን እንጂ ለገበሬ አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ በ1973 ዓ.ም ራሱን የቻለ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በአዋጅ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል፤ በእኛ ወገን ማዕከሉ ባሕር ዳር ነው። ጣቢያዎቹ በደረጃ ይለያያሉ። ከፍተኛዎቹ ነፋሱንም፣ እርጥበቱንም፣ የአየር ግፊቱንም፣ ፀሐዩንም በቀን ብዙ ጊዜ ይመዘግባሉ። ዝቅተኛው አራተኛ ደረጃ የሚባለው ነው፤ ያለው የዝናብ መለኪያ ብቻ ነው። የሚለካውም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው።

ልባችን የቀረው በዚህ በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ መምህር፣ የግብርና ሠራተኛ፣ ገበሬ። ክፍያው እንደ ደመወዝ የሚቆጠር አይደለም። ሥራው ቀላል ነው፤ ችግሩ በየቀኑ መሆኑ ነው። ልጅ ታመመ ብሎ፣ ለቅሶ ደረሰ ብሎ፣ ገበያ ነው ብሎ መተው የለም። ዝናብ ባልዘነበበት ቀንም መሄድ፣ ማየትና ዜሮ ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል።

ዜሮው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጽሑፋችን ርእስ እሱ ነውና። በሂሳብ ደብተር ላይ «0» እና ባዶ ቦታ አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት «አይቻለሁ፣ የለም» ነው። ባዶ ማለት «አላየሁም» ነው። አንዲት አባል ለመስከረም ቁጠባ ዜሮ ከተጻፈባት አልከፈለችም፤ ባዶ ከሆነ ግን ከፍላ ሊሆን ይችላል፣ ጸሐፊዋ ረስታ ይሆናል። ባዶውን ዜሮ ያደረገ ሂሳብ ሠራተኛ ሰው ይበድላል። በእነዚያ ሦስት ሴቶች ላይ ያደረግነው ይህንን ነበር። ስለ ጎጣቸው የነበረን ባዶ ቦታ ነው፤ እኛ ግን «በረዶ አልነበረም» ብለን ዜሮ ሞላንበት።

በ2015 ዓ.ም ክረምት ዝናቡ ተዛብቶ ጃናሞራን፣ በየዳን፣ ጠለምትንና የእኛንም አካባቢ ድርቅ በመታ ጊዜ ይኸው ነገር በሌላ መልክ መጣ። ለጥናት የመጡ ሰዎች «ዝናቡ የቆመው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። አንዳችን ሐምሌ መጨረሻ አልን፣ አንዳችን ፍልሰታ መግቢያ፣ አንዳችን ከደብረ ታቦር በኋላ። የሦስት ሳምንት ልዩነት ነው። ጤፍ ላሸተበትና ላላሸተበት ማሳ ሦስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም። ከዚያ በፊት በነበረው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ማን ተቀምጦ ዝናብ ይለካል? ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ ደብተር አይይዝም። ያ ባዶ ቦታ ወደፊትም ባዶ ሆኖ ይኖራል።

እስካሁን ያልነው ስለ መመዝገብ ነው። የመመልከት ሌላው ጥቅም ግን ማስጠንቀቅ ነው፤ ይህን ያስተማረን ድሬዳዋ ነው። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ውሃው የመጣው ከተማዋ ላይ ከዘነበው ዝናብ አይደለም፤ በላይ በኩል በሐረርጌ ደጋ ላይ ከወረደው ነው። የተኛው ሰው የሚሰማው ዝናብ አልነበረም። ደጋው ላይ ያለው ሰው ዝናቡን ሰምቷል፤ ቆላ ላይ ያለው ደግሞ ውሃውን አየ። በሁለቱ መካከል በቂ መልእክት አልደረሰም። አዲ አርቃይ ከስሜን ግርጌ የተቀመጠች ናት። ሊማሊሞ ላይ ጥቁር ደመና ተሰብስቦ እኛ ጋ ፀሐይ የሚሆንበት ቀን ስንት ነው! ልጆች ከብት ለማጠጣት ወንዝ የሚወርዱት በእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

በ2016 ዓ.ም ሐምሌ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ማለቁን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እዚያ የሆነው እስከ ዛሬ ያሳዝነናል። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤት ተሯሩጦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ እርዳታ ሰጪዎቹን ቀበረ። በዚያው ክረምት በጎረቤታችን በጠለምት ወረዳም መሬት ተንሸራቶ የሰው ሕይወት አልፏል። ከብዙ ቀን ዝናብ በኋላ ተዳፋት መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ሲያዘነብል፣ የጠራው ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ቀድማ የምታየው ውሃ ልትቀዳ የሄደችው ሴት ናት። ምን እንዳየች የሚጠይቃት ግን የለም።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ብዙ ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ስካይዋርን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የሰለጠኑት በጎ ፈቃደኞች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ሥልጠናው የጥቂት ሰዓታት ነው። የሚማሩት ምን ዓይነት ደመና አደጋ እንደሚያመጣ፣ ያዩትን እንዴት ሳያጋንኑ እንደሚናገሩ፣ ከሁሉ በፊት ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ነው። ራዳር ደመናውን ከሩቅ ያያል፤ መሬት ላይ የወረደው በረዶ መጠኑ ስንት እንደሆነ የሚያረጋግጠው ግን እዚያ የቆመው ሰው ነው። በዚያው አገር በኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ደራሽ ጎርፍ አምስት ሰው ገደለ። ከተማው በአንድ ወገን በኃይል ዘንቦበት በሌላው ወገን መጠነኛ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ነዋሪዎቹ በየጓሯቸው የዝናብ መለኪያ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ለበረዶ ደግሞ ስስ ብረት ወረቀት የተለበጠበት ስፖንጅ መሳይ ሰሌዳ ውጭ ያኖራሉ፤ በረዶው ሲወድቅበት የሚተወው ጎድጓዳ ምልክት ይቆጠራል፣ ይለካል። በጣም ቀላል ነገር ነው። እኛም እንችላለን አልን።

ከዚያ የእኛ ደብተር ተጀመረ። ይህ የመንግሥት ጣቢያ አይደለም፤ የመንግሥትንም አይተካም፤ ለራሳችን የብድር ውሳኔና ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ የያዝነው ነው። መለኪያው ሃይላንድ ነው፤ ጎኑ ቀጥ ያለውን ባለ ሁለት ሊትር መርጠን፣ አንገቱን ቆርጠን ገልብጠን እንደ ማንቆርቆሪያ አስገባንበት። ታችኛው ክፍል ጎርባጣ ስለሆነ በትንሽ ሲሚንቶ ደልድለን፣ ከድልድሉ ጀምሮ ማስመሪያ ለጠፍንበት። መጀመሪያ ላይ አንዷ ከቆርቆሮ ክፈፍ ሥር አስቀምጣው በአንድ ሌሊት ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከጣሪያ የወረደውን ሁሉ ለክታ ኖሯል። አሁን ከቤትና ከዛፍ ርቆ ይቀመጣል፤ ርቀቱም ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ነው።

በረዶ ሲወርድ መጠኑ ይጻፋል። «እንደ ሽምብራ»፣ «እንደ ባቄላ» ማለት ጀምረን ነበር፤ የማን ሽምብራ ተብለን ተጨቃጨቅን። አሁን ሁሉም ቤት የሚገኘው የአንድ ብር ሳንቲም መለኪያችን ሆኗል፤ ከሳንቲሙ ያነሰ፣ ያከለ፣ የበለጠ ብለን እንጽፋለን። ነጎድጓድ እየተሰማ ማንም ወጥታ አትለካም። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት አለባት። በረዶው ቢቀልጥ ይቅለጥ።

ፊደል ያልቆጠሩ አባላትስ? ይህን የፈቱልን አንዲት እናታችን ናቸው። «ልጆቼ፣ እኔ ብዕር አልይዝም፣ ጠጠር ግን እይዛለሁ» አሉን። ዝናብ የዘነበ ቀን ነጭ ጠጠር፣ ያልዘነበ ቀን ጥቁር ጠጠር፣ በረዶ የወረደ ቀን ሁለት ነጭ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ያላዩበት ቀን ካለ ምንም አይጥሉም። በሳምንቱ መጨረሻ የልጅ ልጃቸው ትቆጥራለች፤ ሰባት ቀን ያልሞላ እንደሆነ ይታወቃል። ዲፕሎማ ይዘን ዜሮና ባዶን ለማስረዳት ሁለት ስብሰባ የፈጀብንን ነገር እርሳቸው በአንድ ጣሳ ጨረሱት። ስለ በረዶም ደመናው ሳያቋርጥ ካጉረመረመ ጠብቁ ይላሉ፤ የተናገሩትንና የሆነውን ጎን ለጎን እየጻፍን ነው፣ ገና ብዙ አልሰበሰብንም።

ለጎርፉ መጀመሪያ በስልክ ተማምነን ነበር፤ መብረቅ ሲበረታ ኔትወርክ ይጠፋል። ጥሩምባ ይነፋ ተባለ። ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ይወጣል እንጂ ከወንዝ አይሸሽም። በመጨረሻ ባዶ ጀሪካን መምታት ተስማማን፤ ከላይ ያለው ጎጥ ውሃው ደፍርሶ ሲነሳ ይመታል፣ ቀጣዩ ተቀብሎ ይመታል። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ተመትቷል። አንዱ ጎርፉ ቀደመን። በሁለተኛው ልጆቹና ከብቱ ከወንዙ ወጥተው ውሃው አለፈ። ደጋፊዎቻችን በሪፖርት ቅጻችሁ ላይ «የተጠቃሚ ብዛት» የሚል ቦታ አለ፤ ያልሞተ ሰው በየትኛው ዓምድ እንደሚሞላ ብትነግሩን እንወዳለን።

ደብተሩ ለብድር ውሳኔም አገልግሏል። ባለፈው ነሐሴ አራት አባላት በረዶ መታን ብለው ሲመጡ ደብተሩን ገለጥን። የሦስቱ ጎጥ ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ ከሳንቲም የበለጠ ይላል፤ በዚያው ዕለት ጊዜ ተራዘመላቸው። የአራተኛዋ ጎጥ ላይ ግን ከነሐሴ 3 እስከ 11 ባዶ ነበር። ትለካ የነበረችው አባላችን በእነዚያ ቀናት ወልዳ አራስ ነበረች፤ ተተኪ አላዘጋጀንም። አንዳንዶቻችን «ካልተጻፈ የለም» አልን፤ የድሮው ልማዳችን መለሰን። ከዚያ ሁለት ሰው ሄደው ማሳውን አዩ። ባዶውን ቦታ ባዶ ትተን፣ ከጎኑ በእርሳስ «አራስ ነበረች» ብለን ጻፍን። ለዘንድሮ በየጎጡ ሁለት ሁለት ለኪዎች ተመርጠዋል፤ ልጁም አድጎ መለኪያውን እየገለበጠ አስቸግሯል።